ልጄ ፕላስቲክ የምትለቅምበት ወንዝ

ንጋት፣ ካሌዶኒያን ሮድ

ሳይነጋ ተነሳሁ። ሻይ በቴርሞስ ሞላሁ፤ ዳቦ በእንቁላል ጠቀለልኩ፤ ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ ቼክ አደረግሁ። ዛሬ ልጄን መክሊትን ተከትዬ ሥራዋን ልመለከት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ "ፕላስቲክ ላይ ነው የማጠናው" ስትለኝ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ልጄ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ልትሆን ነው ብዬ አወራሁ። እትዬ ዘነበችማ አፍንጫቸውን እያሳዩ ቀጠሮ ጠየቋት። ለካ የምታጠናው ውሃ ውስጥ የሚጣለውን ፕላስቲክና፣ ምግብ መስሏቸው የሚውጡትን ዓሦችና ወፎች ነው።

አሁን ደግሞ በመርከብ ሄዳ ሰመሩን፣ የእንግሊዝን በጋ፣ ሩቅ ደሴት ላይ እንድትከርም ተጠይቃለች፤ ዘራቸው ሊጠፋ የደረሰ የባሕር ወፎች አሉ እዚያ። "ሳትመርቂኝ አልሄድም። ግን ለአለቃዬ መልስ የምሰጠው ዛሬ ነው" አለችኝ። እኔ ባሕር እፈራለሁ። መጀመሪያ ሥራሽን ልየው አልኳት።

ባቡር ውስጥ

"እማ፣ ሁለት ካፖርት ለምንድን ነው?"

"ውሃ ዳር ይበርዳል።"

"ከወደቅሽ የሚያነሳሽ ክሬን ነው።"

ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። ሐበሻ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅን። ቶሎ ብሎ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘረጋ።

ግሪኒች

ከባሕሩ ጋር የሚሸሽና የሚመለሰው ወንዝ አሁን ሸሽቶ ጭቃና ጠጠሩ ወጥቷል። የጠርሙስ ክዳን፣ የጆሮ መጥረጊያ እንጨት የመሰለ ፕላስቲክ፣ የሕፃን መጥረጊያ ሶፍት ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ምንጣፍ መስሏል። የመክሊት አለቃ ሽበታም እንግሊዛዊ ናቸው። "ሰላም" አሉኝ፤ እሷ ናት ያስተማረቻቸው።

መክሊት የሕይወት ጃኬት አለበሰችኝ። ማሰሪያውን ሳብ አድርጋ ሄደች፤ ተመልሳ እንደገና ሳበችው። ከመርገጧ በፊት ጭቃውን በዱላ ትወጋለች። "እማ፣ እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጪ።" የሥራ ጓደኞቿ ሳቁባት። ከእንግሊዝኛው የገባኝ "ቼክ፣ ቼክ" የሚለው ብቻ ነው።

ከመረባቸው እባብ የመሰለ ነገር ሲወጣ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

"ዓሣ ነው፤ ኢል ይባላል። ድሮ ወንዙን ሞልቶት ነበር፤ አሁን ሊጠፋ ነው።"

ቆዳው እንዳይላጥ እጇን አርጥባ ያዘችው። አንገቱ ላይ የተጠመጠመ የፕላስቲክ ክር ነበር። በትንሽ መቀስ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆረጠችለት። ለካችውና ውሃው ውስጥ ቀስ ብላ ለቀቀችው። እስኪሄድ ድረስ ጎንበስ ብላ ታየው ነበር። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት በር ላይ አድርሻት የምቆመው እኔም እንደዚያ ነበር።

ውሃው መመለስ ሲጀምር ከሁሉም ቀድማ ያየችው እሷ ናት። "በቃ፣ እንውጣ" ብላ አለቃዋን ሳይቀር ከፊቷ አስወጥታ በመጨረሻ ወጣች።

የወንዙ መውጫ ደረጃ ላይ

ሻይ ቀዳሁላቸው። ዳቦው አለቀ። አለቃዋ መልሱን እየጠበቁ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። ኩባያዬን አስቀምጬ ቀረብ በይ አልኳት፤ እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ።

"ወጥተሽ ግቢ።"

"አሜን።"

"ማዕበሉን ጸጥ ያድርግልሽ። መርከበኛውን እንቅልፍ አይውሰደው።"

"አሜን" አለች፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

"ወፎችሽ ይብዙልሽ። እጅሽ እንዲህ እንደተጠነቀቀ ይኑር።"

"አሜን፣ እማ።" አሁን አልሳቀችም።

አለቃዋ ምን እንዳልኩ ጠየቋት።

"የስ አለች" አለቻቸው።

"ያ ሁሉ የስ ብቻ ነው?" አልኳት።

"ሌላው የኔ ነው" አለችኝ።