በረዶውን የሰበሩት አባት

ከክፍል ውስጥ ነው የወሰዱኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት «ብሬክ ዚ አይስ» የሚለውን ፈሊጥ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ልተረጉመው ስል ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። ከኋላቸው ሁለት ታጣቂዎች ነበሩ። እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ አራግፌ ወጣሁ። በምን እንደተጠረጠርኩ እስከ ዛሬ በውል የነገረኝ የለም።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። የሲሚንቶው ወለል ቀን እንኳን አይሞቅም፤ ከየማዕዘኑ የገብስ ሽታ ይመጣል። ሽታውን ወደድኩት፣ ቤት ቤት ይላል። የከበደኝ ዝምታው ነው። ያን ያህል ሰው ታጭቆ ማንም ማንንም አያናግርም።

በእኛ አገር ከማታውቀው ሰው ጋር ስትገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለህ። እሱ አባቱን ይጠራል፣ አንተ አያትህን ትጠራለህ፣ ስትቆጥሩ ስትቆጥሩ የሆነ ቦታ ላይ ትዛመዳላችሁ። እዚያ ቤት ግን ይህንኑ የሚጠይቀን መርማሪው ነበር። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው፣ ማንን ታውቃለህ። ስለዚህ ከእስረኞች አንዱ እንደዚያ ብሎ ቢጠይቅ ጆሮ ጠቢ ነው ተብሎ ይፈራል። ሌላ የጨዋታ መጀመሪያ ደግሞ አናውቅበትም።

አጠገቤ የሚተኙት ከጋፋት በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እኔንና እሳቸውን ያግባባን ብርዱ ነው፤ አንድ ጋቢ ለሁለት እንለብስ ነበር። መርማሪው ዘራቸውን እንዲቆጥሩ ሲጠይቃቸው «ዘሬን ለዘመድ እንጂ ለመርማሪ አልቆጥርም» ብለው በጥፊ ተመተዋል። የሚደብቁት ነገር ኖሯቸው አይደለም፤ ክብር ሆኖባቸው ነው። እንዲህ ዓይነት ግትር ሰው ናቸው፤ እኔም ለዚሁ ወደድኳቸው።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ አምጥተው ገፍተው አስገቡብን። ከሩቅ አገር መምጣቱን አነጋገሩ አሳበቀበት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተቀመጠ። ከየቤታችን የሚመጣልንን ምግብ አንድ ላይ አድርገን ነው የምንበላው፤ ጠራነው፣ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱም አልቀመሰም፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። «ለምርመራ ሲጠሩት እዚያ ያበሉታል፤ የእነሱ ሰው ነው» ብለው አንዳንዶች አንሾካሾኩ። ሽማግሌው ግን የከንፈሩን መሰንጠቅ አይተዋል።

«መምህር፣ ይኸ ልጅ በእጃችን ሊሞት ነው» አሉኝ። «እንዳልጠይቀው ይፈራኛል፤ እንዳልተወው የሰው ልጅ ነው። እስቲ ፈረንጆቹ ከማያውቁት ሰው ጋር ጨዋታ እንዴት ነው የሚጀምሩ?»

ሳቄ መጣ። የተቋረጠውን ትምህርት ለአንድ ተማሪ ቀጠልኩ።

«በረዶውን መስበር ይሉታል፣ አባቴ። ሰዎች ተፋፍረው ዝም ሲሉ አንዱ ቀድሞ ቀለል ያለ ነገር ያወራል፣ ሌላውም ይፍታታል። ስብሰባ ላይ መሪው በቀልድ ቢጀምር፣ በረዶውን ሰበረ ይባላል።»

«አይ ፈረንጅ! እኛ ዘንድ በረዶ ገብሱን ይሰብራል እንጂ እሱን ማን ይሰብረዋል?»

«የእነሱ ወንዝ ላይ ረግቶ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ነው። ጀልባ እንዲያልፍ ይሰብሩታል።»

«እንዲህ በለኝ እንጂ! እና ቀዳሚው ይጠይቃል ወይስ ይናገራል?»

«መናገሩ ሳይሻል አይቀርም።»

እየተንፏቀቁ ሄደው ከሰውዬው አጠገብ ተቀመጡ። ጋቢውን ሰርግ እንደሚሄድ ሰው አጣፉት። ከዚያ ሁላችንም እየሰማን ስማቸውን፣ ያባታቸውን፣ ያያታቸውን እያሉ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩለት። በጥፊ የተመቱበትን ሁሉ። ለመርማሪው ቢያደርስባቸው ምን ይውጣቸዋል ብዬ ፈራሁ።

«እንግዲህ እኔ ይኸው ነኝ» አሉት። «አንተን ማንም አልጠየቀህም። ግን ዘሬን ቆጥሬልህ እህሌን ብትተው እቀየምሃለሁ።»

ሰውዬው ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «እኔ ደግሞ…» ብሎ ሲጀምር ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

«አሁን አይደለም። እዚህ አትንገረኝ። ስንወጣ ቤቴ ድረስ መጥተህ ትነግረኛለህ። አሁን ብላ።»

በላ። ዘቦቹ ሲያስገቡት «እነዚህ እስረኞች አይምሩህም፣ መርዘው ይገድሉሃል» ብለውት እንደነበር የነገረን በኋላ ነው። መንገድ ለመቀየስ አገራችን የመጣ ሠራተኛ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ያ ቤት ወሬ በወሬ ሆነ፤ ዘቡ በሩን እየደበደበ ዝም በሉ እስኪለን ድረስ።

ተፈትተን ወጣን፤ እኔም ወደ ሰሌዳዬ ተመልሻለሁ። ያንን ፈሊጥ አሁንም አስተምራለሁ፤ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምሳሌ ግን የስብሰባ ነው። የሽማግሌውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ሽማግሌው አረፉ። ለቅሶው ላይ ያ ቀያሽ እንደ ልጆቻቸው ራሱን ተላጭቶ ከሩቅ አገሩ መጣ። ለቀስተኛው «ማን ነው?» እያለ ሲጠያየቅ ትልቁ ልጃቸው ተነሥቶ እጁን ያዘውና «ወንድማችን ነው» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠው።