እስከ ስልሳ አምስት

እኔ ሰው ቶሎ አምናለሁ። ስናደድ ደግሞ ከዚያም እፈጥናለሁ። ሁለቱም ጠባዮቼ እዚህ ውስጥ ስላሉ ከወዲሁ ብናገር ይሻላል።

ሃያ አራት ዓመት የሠራሁት ለአንድ ከተማ አስተዳደር ነው። በዴንቨር ዙሪያ ከተማ ሞልቷል፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ጡረታዬን ገና ከእነሱው ነው የምበላው። ሥራችን የከተማውን ሕንፃዎች ማጽዳትና መጠጋገን ነበር፤ ላይብረሪውን፣ ፍርድ ቤቱን፣ መዋኛ ያለበትን የስፖርት ማዕከል፣ ዊንተር ሲገባ ደግሞ የደጃፋቸውን በረዶ መዛቅ። አበሾቹ ሰባት ነበርን። ደሞዙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ታክሲ የሚነዱት ጓደኞቻችን ቻምበርስ ሮድ ላይ በተገናኘን ቁጥር "እናንተ መጥረጊያ አግብታችሁ ቀራችሁ" እያሉ ይስቁብን ነበር። እኛም "የሕክምና ኢንሹራንሳችሁ የታለ?" እንላቸዋለን። ያኔ ወሬ ይለውጣሉ።

እዚህ አገር ስልሳ አምስት ዓመት ሲሞላህ መንግሥት በሜዲኬር ያሳክምሃል። ከዚያ በፊት ሥራ ካቆምክ ግን ራስህን ቻል ነው። መወልወያ ሲገፋ የኖረ ሰው ደግሞ እስከ ስልሳ አምስት የሚያደርስ ወገብ የለውም። ከተማችን ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ቀደም ብሎ ሪታየር ቢያደርግ፣ ስልሳ አምስት እስኪሞላው ድረስ ልክ እንደ ሠራተኛው እየከፈለ በኢንሹራንሱ እንዲቆይ ይፈቅድ ነበር። እኛን አስሮ ያስቀመጠን ይህ ቃል ነው።

ቃሉን የነገረችን የኤችአሯ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሏ ሴትዮ ናት። እናቴ አዲስ አበባ ያረፈች ጊዜ፣ መርዶው በተነገረኝ ማግስት ቤቴ በሰው ተሞልቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ይህች ፈረንጅ ሁለት ካርቶን ውሃ አቅፋ ቆማለች። ለቅሶ ቤት ውሃ ተይዞ እንደሚመጣ ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሴቶቹ መሃል ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እንባዋን ሳይ እኔ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ምስር ወጥ አቅርበውላት በላች፤ ሲያጎርሷትም አፏን ከፈተች። አለቃዬ እንኳን ካርድ ልኮ ነው የተገላገለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ባዳ አልነበረችም። ለቅሶህን የደረሰን ሰው "እስቲ ይህን በጽሑፍ ስጪኝ" አትለውም። ነውር ነው።

በተከታዩ ዓመት ሰባታችንንም ሰብስባ ስለ ጡረታ አስረዳችን። ዕረፍት በምናደርግባት ክፍል፣ የለስላሳ ማሽኑ አጠገብ፣ ዶናት ይዛ መጣች። እንግሊዝኛዬ ከሌሎቹ ሻል ስለሚል አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እሷ ከወረቀት ታነባለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። "ሃያ ዓመት ካገለገላችሁ፣ እስከ ስልሳ አምስት ድረስ ከሠራተኛው እኩል እየከፈላችሁ ትታከማላችሁ" አልኩ። ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ የአገር ሽማግሌ መስዬ። ከራሴም ጨመርኩበት፦ "እኔን እመኑኝ። ይህች ሴት ለቅሶዬን የደረሰች ናት።"

ከመካከላችን አንዷ፣ የመዋኛውን ወለል የምታጸዳው፣ ያን ሰሞን ሥራውን ልትለቅ ነበር። እንግልውድ የምትኖር እህቷ ሆስፒታል ውስጥ ሻል ያለ ደሞዝ ያለው ሥራ አግኝታላታለች። በአምስት ዓመት ስለምበልጣት ጋሼ ትለኛለች። "ጋሼ፣ ምን ትመክረኛለህ?" አለችኝ።

"ሞኝ አትሁኚ! ለጥቂት ዶላር ብለሽ እርጅናሽን ልትሸጪ ነው?" አልኳት።

ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ስኳር እንዳለባት ተነገራት። እኔ ደግሞ አላፍርም፤ "ይኸው፣ አላልኩሽም? ኢንሹራንስ ያስፈልግሻል" ብዬ ጭራሽ ተኩራራሁባት።

ሁለታችንም ሪታየር ያደረግነው በአንድ ዓመት ነው። እኔ ስልሳ አምስት ሞልቶኝ ሜዲኬሬን ይዤ ወጣሁ። እሷ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት በስልሳ ዓመቷ ወጣች፤ ተስፋዋ ያው የተባለችው ቃል ናት። ግሪን ቫሊ ራንች የገዛችው ቤት ገና ዕዳ አለበት፣ ልጆቿ ግን አድገዋል፣ እንደምንም እደርሳለሁ ብላ አስባለች።

በመጀመሪያው መኸር ደብዳቤ መጣላት። ከአሁን ወዲህ ጡረተኞች ከሠራተኞች ተለይተው ለብቻቸው ይታሰባሉ ይላል። ምክንያቱም ጡረተኛ ብዙ ይታከማል፣ ወጪውም ብዙ ነው። ክፍያዋ ጨመረ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ከተማው በሚቀጥለው ጥር እንደገና ሊጨምር አስቧል፣ አስተያየት ያለው ቀርቦ ይናገር የሚል። ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ እኔ የገባኝ ልክ ከሆነ ከጡረታዬ ግማሹን ሊወስዱት ነው። ቤቱን በምን እከፍላለሁ?" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ኢንሱሊኑን ቀነስ እያደረግኩ ነው የምወጋው። እንዲቆይልኝ ብዬ" አለችኝ።

"ምን? አንቺ ሴትዮ አበድሽ?" ብዬ ጮህኩባት። የጮህኩት በእሷ ላይ አይደለም። ወጣት ሆነን፣ ጉንፋን እንኳን ሳይነካን፣ ከደሞዛችን ሲቆርጡ ሁላችንም አንድ ላይ ነበርን። ታመን የምንፈልገው ቀን ሲመጣ "እናንተ ለብቻችሁ" አሉን። እንዲህም አድርጎ ክህደት አለ? የፈረንጅ ፈገግታ የሚባለውን ነገር ያን ቀን ጠላሁት። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ግን ያች ሴትዮ ናት። በእናቴ ለቅሶ ላይ የበላችው እህል ትዝ እያለኝ፣ መኪና ስነዳ ብቻዬን እየተሳደብኩ እውል ነበር።

ጓደኛዬን እናገርልሻለሁ አልኳት። የከተማው ምክር ቤት ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መሃሉ ላይ ያሰመርኩበት እንዲህ የሚል ነበር፦ "ይህ ነገር ሊለወጥ ይችላል ብሎ የነገረን አንድም ሰው የለም።" በስልክ ሳነብላት "እሱን፣ እሱን ጠበቅ አድርገህ በለው" አለችኝ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ነበር። እሷን ከቤቷ ወስጄ መጣሁ። ደህናውን ኮቷን ለብሳ፣ ከፊት ወንበር ይዛልኝ ተቀመጠች። እኔ ውሃ ልጠጣ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? የኤችአሯን ሴትዮ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ከዘራ ይዛለች። አይታኝ ፊቷ በራ፣ እጇን ዘርግታ መጣች። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"በእናቴ ለቅሶ ላይ ተቀምጠሽ፣ ከቤቴ በልተሽ፣ እንዴት አስቻለሽ?" አልኳት።

እጇ ወረደ። "እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ያው ደብዳቤ ለእኔም ደርሶኛል" አለችኝ። "ባለቤቴ ገና ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በእኔ ኢንሹራንስ ልቡን ይታከማል። እኔም ልናገር ነው የመጣሁት።" ቀጠለችና "አሳፍሮኛል። ግን አልነገርሽንም አትበለኝ። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ሊለውጠው እንደሚችል፣ ዋስትና እንዳልሆነ፣ ከወረቀቱ ላይ አንብቤላችኋለሁ። አንተ ዝም ስትል የረሳህ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ገብቷቸዋል አልከኝ" አለች።

ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። ወይ ጉድ! ትዝ አለኛ።

ክፍሏ ትዝ አለችኝ፣ ዶናቱ ትዝ አለኝ። አዎ፣ አንብባዋለች። እኔም በደንብ ሰምቼዋለሁ። በአማርኛ ልለው ስል ነው ያፈርኩት። "እናሳክማችኋለን፣ ግን ስንፈልግ እንተወዋለን" ሊሆን ነው። ለቅሶዬን የደረሰችን ሴት በስድስት ሰው ፊት ቃለ አባይ ላስመስላት? ደግሞስ ይህን ፈረንጆቹ ለጠበቃ ብለው የሚያስገቡት ነገር ነው፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ እንደሚያነቡት ያለ፣ ብዬ አሰብኩ። ደግማ ስታነበው እጄን አወዛወዝኩና "ገብቷቸዋል" አልኳት። ክብሯን የጠበቅኩላት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር የራሴንም ክብር ነው፤ ስድስት ሰው አፌን እያየ ሲያምነኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስሜ ተጠራ። ማይክሮፎኑ ጋ ቆምኩ። ስለ በረዶው ተናገርኩ፣ ስለ ወገባችን ተናገርኩ፣ ስታረጁ ለብቻችሁ መባል ምን ማለት እንደሆነ ተናገርኩ። የተሰመረበት ጋ ደረስኩ። ከኋላዬ የጓደኛዬ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል። ዘለልኩት። ደቂቃ ሲቀረኝ አመስግኜ ተቀመጥኩ። ከምክር ቤቱ አንዱ "ስለ አገልግሎትህ እናመሰግናለን" አለኝ። የኤችአሯ ሴትዮም ከእኔ በኋላ ተናገረች፣ ሌሎችም ተናገሩ። ከዚያ እጅ አወጡና ጭማሪውን አጸደቁት። አላመነቱም።

አሁንም ከተማውን ይቅር አላልኩም። ከላይ በትልቁ ቃል ሰጥቶ ከታች "ይህ ቃል አይደለም" ብሎ መጻፍ የማን ተንኮል እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሃያ ዓመት ጉልበቱን ሲሰጥ ከታች ያለውን አይደለም የሚያየው። ግን ያን ቀን ታችኛውን ያነበበችልን ሰው ነበረች፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ጓደኛዬን በቻምበርስ ወደ ሰሜን ይዣት ሄድኩ። ሀይዌዩን አልፈን ሜዳው ላይ ወጣን።

"ያቺን ያሰመርክባትን ለምን ተውካት?" አለችኝ።

ነገርኳት። እየነዳሁ፣ ዓይኗን ሳላይ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ለቅሶው፣ ደግማ ስለማንበቧ፣ እጄን ስለማወዛወዜ። ስጨርስ ቤቷ ደጃፍ ደርሰን ፓርክ አድርጌ ነበር። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር።

"እኔ ሰምቻታለሁ" አለች። "እንግሊዝኛው ያን ያህል አልጠፋኝም ነበር እኮ። ይለወጣል ያለችውን ሰማሁ። ሁለተኛም ስትለው ሰማሁ። ዞር ብዬ አየሁህ። አንተ ምንም ስላላልክ፣ ምንም አይደለም ማለት ነው አልኩ።"

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ኢንሹራንሱን ነገ አቋርጣለሁ" አለች። "ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋ ሰው ይፈልጋሉ፣ እነሱ ኢንሹራንስ አላቸው ብላኛለች ጎረቤቴ። ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ።"

"በዚህ ጉልበትሽ?"

"በየትኛው ልግፋ ታዲያ?" አለችና የመኪናውን በር ከፈተች። አንድ እግሯን አውጥታ ጉልበቷን ይዛ ትንሽ ቆየች። እንድይዛት እጄን ብዘረጋ አልያዘችውም። ቆማ፣ ጎንበስ ብላ በበሩ አየችኝ።

"ለሌሎቹም ንገራቸው" አለችኝ። "አንተው ራስህ። በአማርኛ፣ ምንም ሳታስቀር።"

ሌሎቹ አምስት ናቸው። እስካሁን ለሁለቱ ነግሬያለሁ።