ሺህ ጊዜ የቀጠነው አሲድ

ሞጣ ውስጥ ይርጋነሽን የማያውቅ ሹፌር የለም። የመኪና ባትሪ ትሞላለች። ተማሪ ሳለች ኬሚስትሪ ትወድ ነበር አሉ፤ የኔ የጨው ሱቅ ከሷ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ሁልጊዜ ታደርቀኛለች። «አንድ እጅ አሲድ በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ አሥር ጊዜ ቀጠነ» ትለኛለች። እኔ ምኑ ይገባኛል እቴ!

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ስጦታው የሚባል ሰው ከብቸና መጣ። ሚስቱ ሰሎሜ ዱላው ቢመራት ጥላው እናቷ ቤት፣ እዚሁ ሞጣ ገብታለች። እንኳን መኪና በቅሎ የሌለው ሰው ይርጋነሽን «ጥሬ አሲድ ስጪኝ» አላት። የሰሎሜን ፊት ሊያቃጥል እንደሆነ ወዲያው ገባት። ብትከለክለው ደጀን ወርዶ ከሹፌሮች ያገኛል።

«እስቲ አሳዪኝ» ቢላት ከጥሬው ጋቢው ጫፍ ላይ ጠብ አደረገችለት። ጋቢው ተበሳ። ደስ አለው፣ አረመኔ!

ጓዳ ገብታ አንድ ኩባያ አሲድ በዘጠኝ ኩባያ ውሃ ላይ ጨመረች። ከዚያ አንድ ቀድታ እንደገና በዘጠኝ፤ ሦስተኛም ደገመች። ሺህ ጊዜ የቀጠነውን በጠርሙስ ሰጠችውና ፖሊስ ዘንድ ሮጠች። «ሳያደርግ እንዴት እንሰረው?» አሏት።

ገበያ መሐል ሰሎሜ ፊት ላይ ደፋው። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ይርጋነሽ ጀሪካን ይዛ ደርሳ አጠበቻት፤ ዓይኗ ከመቅላት በቀር ምንም አልሆነችም። ሰውየውን ሕዝቡ በዱላ ጥርሱን አረገፈው። እኔም በሚዛን ድንጋዬ አንዴ አቅምሼዋለሁ፣ አልጸጸትም!

ዳኛው ፊት «ውሃ ነው የረጨሁት» ብሎ በጥቂት ወር ተፈታ። በወጣ ሰሞን ያንኑ ጋቢ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ ይርጋነሽ ሱቅ ገባ። «አንቺ ነሽ ያታለልሽኝ!» ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎ የአጥንት ድምፅ። ስደርስ ግራ ክንዷ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። በቀኟ ማሰሮ አንሥታለች።

«ይኸኛው አልቀጠነም» አለችው። «የጋቢህን ቀዳዳ እየው።»

ዱላውን ጥሎ ፈረጠጠ።

ወጌሻው ክንዷን አስሮላት ሲሄድ «እውነት ጥሬው ነበር?» አልኋት።

«ጥሬው ነው። ልደፋበት ነበር እኮ! ከሱ በምን ተሻልሁ?» ብላ አለቀሰች።

«አልደፋሽበትማ» አልኋት።

«ሮጦብኝ ነው» አለችኝ።