የጋሽ ቲጃኒ ጉንጭ

የቦሳ ኪቶ ሰፈሩ ጋሽ ቲጃኒ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ችግኝ አጠጥተዋል፤ ድሮ የቡና፣ አሁን ደግሞ በአንድ የምርምር ጣቢያ የላስቲክ ቤት ውስጥ የተገኘውን ሁሉ። ተክል ሲጠወልግ እያዩ ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

አምና ናዝራዊት የምትባል የዶክትሬት ተማሪ የቲማቲም ችግኞቿን ደርድራ አራት ቀን ውሃ እንዳይነካቸው አደራ አለቻቸው። ገሚሶቹ ዘረ መላቸው የተበላሸ ነው፤ ሌላው ተክል ውሃ ሲጠማው የሚያመነጨውን የጭንቀት ሆርሞን መሥራት አይችሉም። ያ ሆርሞን ከሌለ የቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አይዘጉም፣ ውሃው እየተነነ ያልቃል።

ጋሽ ቲጃኒ እሺ አሉ። በማግስቱ ግን እሷ ምሳ ስትሄድ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ገቡና የተዝለፈለፉትን አጠጡ። ችግኞቹ ቀና አላሉም። በሦስተኛው ቀን ደገሙት፤ ያው ነው።

ናዝራዊት አፈሩን ረጥቦ ስታገኘው ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል አሏት። ዝናብ ከጣለ ሳምንት አልፎታል።

"ጋሽ ቲጃኒ፣ እርስዎ ነዎት አይደል?"

"እኔ ነኝ። ግን ወላሂ ልጄ፣ እነዚህ ውለታ አያውቁም። ያን ሁሉ ጠጥተው ይተኛሉ፤ ቅጠላቸው ብቻ ይቀዘቅዛል።"

ሙከራዋ ስለተበላሸ ልትቆጣ ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግን ያዛት። ውሃ ያለማቋረጥ የሚተንበት ቅጠል በእርግጥም ይቀዘቅዛል። እንዴት አወቁ ብትላቸው ቅጠሉን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። እሷም ሞከረች፤ ምንም አልተሰማትም።

እንደገና ዘራች። ሠላሳ ችግኝ ሲደርስ፣ አንዱም ሳይጠወልግ፣ ምልክታቸውን ደብቃ ቀላቀለቻቸውና ብልሹውን በጉንጭ ይለያሉ አይለዩም ብለው በአቮካዶ ጁስ ተወራረዱ። ጋሽ ቲጃኒ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እሷን ለማናደድ ሆን ብለው እየተንቀራፈፉ፣ ሁሉንም በጉንጫቸው ዳሰሱ። ሃያ ዘጠኙን አወቁ። ጤነኛ ተብሎ የተመዘገበውን አንዱን ግን ብልሹ ነው ብለው ድርቅ አሉ።

ናዝራዊት ልትረታቸው ነውና ያን ችግኝ በደስታ ውሃ ከለከለችው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ተዝለፍልፎ ተገኘ፤ ለካ ዘሩን ስትዘራ ራሷ አደባልቃዋለች። ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ጥፋቱ የእሷ ነውና ጋሽ ቲጃኒ ሁለት ጁስ ጠጡ።

የናዝራዊት አማካሪ ጉንጭ የሚለውን ከጥናቱ ሰርዘው ሙቀት መለኪያ አስገዙ። የምስጋናው ገጽ ላይ ግን የጋሽ ቲጃኒ ስም በአንዲት መስመር ቀረ። ገጹን ቤት ወስደው ለባለቤታቸው ለመድና፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተረጎሙላት። አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይላል ወይ ብትላቸው፣ እንግሊዝኛ አጭር ቋንቋ ነው አሏት።