የሰማዕቱ ዶሮዎች

ብቸና ከተማ ዳር፣ ድሮ ችግኝ ጣቢያ በነበረው ቦታ ላይ፣ የከተማው አስተዳደር ለነዋሪ የከፋፈለው መሬት አለ። ምድብ ይባላል። ለአንድ ሰው የምትደርሰው አንድ የጎመን መደብና አንዲት የዶሮ ቤት ከያዘች የምትሞላ ቁራሽ ናት። ደንቡ አጭር ነው። ጎመኑ ቢደርቅ ይታለፋል፤ የዶሮ ቤቱ የፋሲካ ሰሞን በዓላት ካለፉ በኋላ በሚደረገው ቁጥጥር ባዶ ሆኖ ከተገኘ ግን ምድቡ ለተረኛ ይሰጣል። ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ጎመን የማይወድ ሰው መሆን አለበት።

እኔ ምድብ የጠየቅሁት በሆዴ ምክንያት ነው። የጤና ጣቢያ ፋርማሲስት ነኝ፤ ትውልዴ ወሎ፣ ሃይማኖቴ እስልምና። መጀመሪያ የተመደብሁት ሞጣ ነበር፤ ኋላ ወደ ብቸና ተዛወርሁ። በሰፈሬ ያለው ልኳንዳ የክርስቲያን ስለሆነ፣ ሥጋ ባማረኝ ቀን ያለኝ አማራጭ ዶሮ ገዝቼ ራሴ አርጄ መብላት ነው። ሁልጊዜ ከመግዛት ማርባት ይቀላል ብዬ ገባሁበት። ይቀላል ያልሁት ገና ሳልጀምረው ነው።

የምድብ ጎረቤቴ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰፈራችን የሰማዕቱ ደብር አገልግለው ያረፉ ሰው ናቸው። ከሞታቸው በኋላ ለእትዬ የቀረላቸው መተዳደሪያ ያቺ ምድብ ብቻ ነበረች፤ እንቁላል ይሸጣሉ፣ ለበዓል ደግሞ ዶሮ። ሌላ የላቸውም። እኔ ዶሮዎቼ ቢያልቁ ሽሮ እበላለሁ፤ እሳቸው ግን ዶሮ ካጡ ምድቡን ያጣሉ፣ ምድቡን ካጡ ደግሞ የሰው እጅ ማየት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስርቆቱ የጀመረው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። መጀመሪያ ሸለምጥማጥ ነው ተባለ። ሸለምጥማጥ ግን ሽቦ በፒንሳ አይቆርጥም። ቀጥሎ ሌባው በአረቄ የራሰ እህል መበተን ጀመረ። ጠዋት ስንመጣ የተወሰዱት ተወስደው፣ የተረፉት እየተንገዳገዱ ከግድግዳ ጋር ሲላተሙ አገኘናቸው። አንዱ አውራ ዶሮ ስካሩ ስላልለቀቀው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ስንደነግጥ ቆይተን እሱን ስናይ ሳቅን።

የከፋው የማይወስደው ነገር ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ነበር። ቁልፉ ያስቸገረው ቤት ሲገጥመው ጣሪያውን ገልብጦ፣ የውሃ መጠጫውን ሰባብሮ፣ የታቀፈችው ዶሮ ሥር ያለውን እንቁላል ረግጦ ይሄዳል። ስርቆቱን እረዳዋለሁ፤ ዶሮ ይበላል፣ ይሸጣል። እንቁላል የሚረግጥ ሰው ምን እንደሚያገኝበት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር።

መከላከያ ያልነው ሁሉ ከሸፈ። እሾህ አጠርን፤ ሌባው በጓሮ ዞረ። ሽቦው ላይ ባዶ ጣሳ አንጠለጠልን፤ ነፋሱ ሲያንቃጭለው እያደረ በመጨረሻ ጆሮ የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ውሻ አመጣን፤ ውሻው ገና በሳምንቱ የራሳችንን ቄብ በላ። ተራ ገብተን ዘብ መቆም ጀመርን፤ የተረኛው ዶሮ ከሁሉም በፊት ተሰረቀ።

ከዚያ ተሰበሰብን። ስብሰባ ከዘብ ይቀላል። አንዱ ተነሥቶ፣ «በጾም ዶሮ የሚሰርቅ፣ የማይጾም ሰው ነው» አለ። ይህን ሲል ሁለት ሦስት ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደምል ሳስብ እትዬ ቀደሙኝ።

«እሱን ነው? እስቲ እዩት። ዶሮ የሚሰርቅ ሰው እንዲህ ከስቶ ያውቃል?»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ በዚሁ አለፈ። ሌባው ዶሮዎቹን ለፋሲካ ገበያ እያጠራቀመ እንጂ እየበላ እንዳልሆነ የገባን ከዚያ በኋላ ነው።

በሳምንቱ እሑድ እትዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ምድቡ መጡ። ሰንበት ስለሆነ ብዙዎቻችን ጎመኑ ዳር ተቀምጠን እናወራ ነበር። ከአሮጌ ነጠላቸው ጥለት ቀደው የዶሮ ቤታቸው በር ላይ አሰሩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ ሁላችንም እንድንሰማ፣ ምናልባትም ከመካከላችን ሌባው ካለ እሱም እንዲሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይኸን ቤት፣ በውስጡም ያለውን ሁሉ፣ ለሰማዕቱ ተስያለሁ። ለዓመት በዓሉ ይገባል። ከእንግዲህ የሚሰርቅ የኔን አይደለም፣ የሱን ነው። ፈረሰኛ ነው፤ ይተያዩ።»

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሲበታተን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «አጥር ነው የሠራሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለፋሲካ እሸጥና የሰማዕቱን ድርሻ አስገባለሁ። እሱ አይከፋውም፤ ያውቀኛል።»

አጥሩ ሠራ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግራ ቀኙ ሲቆረጥ፣ ሲገለበጥ የእሳቸውን ቤት ጭረት እንኳ አልነካውም። ሌባው ዶሮ ይስረቅ እንጂ ክርስቲያን ነበር ማለት ነው። ችግሩ ከሳቸው ቤት ሲያልፍ ቀጥሎ የሚያገኘው የእኔን መሆኑ ነው። አንድ ጠዋት ስመጣ ጣሪያዬ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ በሩ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ አራት ዶሮዎች ጎመኑ ውስጥ ተደብቀው ቀርተዋል። ከጥርጣሬ ነጻ የወጣሁት በዚህ ዓይነት ነው።

እትዬ አራቱን አቅፈው ወደ ቤታቸው አስገቡልኝ። «ከሱ ጥላ ሥር ይግቡ። ሃይማኖት አይጠይቅም» አሉ። ዶሮዎቻችን ከአንድ አከፋፋይ የመጡ፣ ሁሉም ቀይ ስለነበሩ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲቀላቀሉ የእኔን መለየት አቃተኝ።

የፋሲካ ገበያ ሲደርስ ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ የሚባለው ተረት በእትዬ ደረሰ። ብቸና ገበያ ይዘው ወጡ፤ ገዢ ይመጣል፣ ዶሮዋን ከፍ አድርጎ ይመዝናል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እሳቸውን ያያል።

«እርስዎ ለሰማዕቱ የተሳሉት ሴትዮ አይደሉም?»

ዶሮዋን መልሶ ያስቀምጣል። አንዲት ሴት እንዲያውም የነካችበት እጇ ላይ አማተበችበት። የከተማው ሌባ ሁሉ የሰማውን ገዢው አለመስማቱ ይገርም ነበር እንጂ መስማቱ አይገርምም። እትዬ ይዘው እንደወጡ ይዘው ገቡ።

እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ሞጣ የምሄድበት ነገር ነበረኝ። ሲሰሙ፣ «እዚያ ማን ያውቀኛል?» ብለው ሳይሸጡ የተመለሱትን ዶሮዎች በቅርጫት ይዘው አብረውኝ ተሳፈሩ። ጉዳዬን ጨርሼ ሞጣ ገበያ ስደርስ ቅርጫታቸው እንዳለ ነው፤ አንዲት ወጣት ሴት ፊታቸው ቁጢጥ ብላ ዋጋ ተስማምታ፣ ዶሮዋን በእጇ ይዛለች።

«የቤትዎ ናት አይደል፣ እማማ?» አለቻቸው፤ ሰው ሲገዛ የሚጠይቀው ተራ ጥያቄ ነው።

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። ከዚያ፣ «የሰማዕቱ ናት» አሉ።

ሴትዮዋ ግራ ገባት፤ እኔም። ዶሮዋን ተቀብለው ቅርጫቱ ውስጥ መለሱና ተነሡ። ሚኒባስ ውስጥ ከገባን በኋላ፣ «ልዋሽ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለእሳቸው አጥር መሆኑ ቀረ። የነፍስ አባታቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ጠርተው፣ አንድ አውራ ዶሮ ይበቃል፣ ሰማዕቱ ድሃ አያስለቅስም ብለዋቸው ነበር። እኔም ይህን ይዤ ሞገትኋቸው። ቁጥጥሩ እንደሚመጣ፣ ቤቱ ባዶ ከተገኘ ምድቡ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው። ሰው እየወደቀ ሲያዩ ዝም ማለት ይከብዳል፤ በተለይ ጉድጓዱን ራሱ ሲቆፍረው ካዩ።

«እኔ አንድ አልሁ?» አሉኝ። «ሁሉንም ነው ያልሁ። እሱም አንዱን ጠብቆ ሌላውን አልተወም። ሁሉንም ጠበቀልኝ። አንዱን ብቻ ጠብቆ ቢሆን አንዱን እሰጥ ነበር።»

ተነሥቼ ጎመኔን ማጠጣት ጀመርሁ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ቀደም ብሎ ስለዋለ የሰማዕቱ ዓመት በዓል የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በዋዜማው፣ እትዬ ዶሮዎቹን ብቻቸውን ማጓጓዝ ስለማይችሉ፣ ሁለት የሰበካ ጉባኤ ሰዎች ባጃጅ ይዘው መጡላቸው። እግር ማሰሪያ ልጥ በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ግን ለመግባት አልቸኮሉም። ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። አንደኛው ወደ እኔ ዞረና፣ «ያንተም ዶሮዎች እዚህ ውስጥ ነው ያሉት ተብሏል። ስንቶቹ ናቸው ያንተ?» አለኝ።

አጠያየቁ መንገድ የሚያሳይ ነበር። ሙስሊም ነኝ፤ የእኔ ዶሮ ለደብር አይሳልም፤ የእኔ የተባለ ሁሉ ይተርፋል። ማንም ሊለየው አይችልም፣ ማንም ሊለየው አይፈልግም።

«አብዛኞቹ» አልሁ።

ሰውየው እፎይ ብሎ፣ «እንግዲያው የሱን ለዩለትና የቀሩትን አንድ ሁለት እንውሰድ» አለ። በራሴ ረክቼ ነበር። አንድ ቃል ተናግሬ የሴትዮዋን ኑሮ ያተረፍሁ መሰለኝ።

እትዬ ቀና ብለው አላዩኝም። በሰው ፊትም አላዋረዱኝም። ልጡን ከሰውየው እጅ ተቀብለው ገቡ። እየያዙ፣ እያሰሩ፣ እያወጡ አስረከቡ፤ አሁንም ገብተው አወጡ። ሰዎቹ እየተቀበሉ ባጃጁ ላይ ጫኑ። ሲጨርሱ ቤቱ ውስጥ አራት ዶሮዎች ቀሩ። እነሱንም አውጥተው፣ የተጠገነው ቤቴ ውስጥ አስገቡልኝ። እዚያው ይቆዩልኝ ብላቸው፣ «የሰው ዶሮ ይዤ ቤቴ ሙሉ ነው ልበል?» አሉና ባዶውን ቤት መጥረግ ጀመሩ።

በበዓሉ ዕለት ከቅጥሩ ውጪ አንድ ወይራ ሥር ቆምሁ። ታቦቱ ከገባ በኋላ የስለት ጨረታው በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር፦ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ በግ፣ ከዚያ ዶሮ። አብራኝ የምትሠራ ነርስ ውስጥ ነበረች፤ የእትዬን ዶሮዎች እንድትጫረትልኝ ጠዋት ነግሬያት ነበር። የእትዬ ዶሮዎች ተራ ሲደርስ የምድብ ሰዎችም፣ የማላውቃቸውም እየተሻሙ ተጫረቱባቸው፤ ሌባ ያልደፈረው ዶሮ በረከት አለው ተብሎ። ነርሷ ብዙ ታግላ ሁለት ይዛ ወጣች። ሌላ ማግኘት አልቻለችም።

ሁለቱን ይዤ ወደ ምድቡ ሄድሁ። እትዬ የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ባዶው ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዶሮዎቹን ፊታቸው አስቀመጥሁና ከጨረታ እንደተገዙ፣ የእሳቸው እንደሆኑ ነገርኋቸው። ከስለት ጨረታ የተገዛ በረከት ነው፤ ሲሰጥ እምቢ አይባልም። ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

አንዷን አንሥተው ክንፏን ገለጥ አድርገው አዩ፤ አስቀመጧት። ሌላዋንም እንዲሁ። ዓይናቸው ቀልቷል። አመሰግናለሁ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«እኔ ሌባውን በውጭ በኩል ስጠብቅ፣ አንተ በውስጥ በኩል ልትሰርቅልኝ ነበር» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። «ለርስዎ ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ሌባም ለልጆቹ ብሎ ነው» አሉና ዶሮዎቹን አስገብተው በሩን ቆለፉ።