መቅኒዋን ሰጥታ ይቅርታዋን የነፈገች እህት

አሶሳ ገበያ ውስጥ ደረቅ ባሚያ የምትሸጠውን ብኸይታን የማያውቃት ሰው ካለ፣ አንድም ለከተማው እንግዳ ነው፣ አንድም ከእሷ ጋር ተጣልቶ በሌላ በኩል ዞሮ የሚሄድ ነው። ሁለተኛዎቹ ይበዛሉ። ምላሷ! አቤት ምላሷ! ባሚያዋን በእፍኙ አንስቶ፣ አሽትቶ፣ ሳይገዛ የመለሰ ሰው፣ «ሽታውን ወስደኸዋል፤ እቤትህ ግባና በሱ ገንፎህን ብላ» ተብሎ ይሸኛል። እኔ ግድግዳ ተጋርቻት ስኖር ስንት ዓመቴ ነው! እንዲህ ያለች ሴት ከጎኔ እያለች እስከ ዛሬ አንድ መስመር አለመጻፌ ራሴን ይገርመኛል። በሉ ስሙኝ።

ብኸይታ ጣሀ የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። ማንጎ በአይሱዙ እያስጫነ አዲስ አበባ የሚልክ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ኩራቱ ከድምፁ የወፈረ ነጋዴ ነው። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ብኸይታ ከወሎ መጥቶ አሶሳ የሰፈረውን ይማምን ላግባ ስትል፣ አባታቸው ሞተው ስለነበር፣ በኒካው፣ በጋብቻ ውሉ ላይ፣ ወሊ ሆኖ ሊድራት የሚገባው ጣሀ ነበር። አልድርም አለ። እምቢ ማለቱ ብቻ ቢሆን ደግ፤ በተሰበሰበው ዘመድ ፊት፣ «ለሰፋሪ የምሰጣት እህት የለችኝም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። አጎታቸው ዳሯት።

ከዚያ ወዲህ ጣሀ የእህቱን ደጃፍ አልረገጠም፣ እሷም የሱን። ልጆቿ ሲወለዱ አልመጣም። እሱ እግሩ ተሰብሮ ሲተኛ አልጠየቀችውም። ገበያ ላይ ሲገጣጠሙ እሱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ እሷ ባሚያ ባሚያዋን።

ታዲያ አንድ ክረምት ላይ ጣሀ መገርጣት ጀመረ። ድዱ ይደማል፤ ትንሽ ነገር በነካው ቁጥር ሰውነቱ ይበልዛል። ወባ ነው ተባለ፣ ታከመ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ታከመ። አዲስ አበባ ሄዶ ሲመረመር፣ መቅኒው ደም ማምረት ማቆሙ ታወቀ። መድኃኒቱ፣ አሉት፣ ከጤነኛ ሰው መቅኒ ስቴም ሴል ወስዶ አንተ ውስጥ መትከል ነው። ስቴም ሴል የሚባለው ራሱን እያባዛ ደም የሚወልድ ሴል መሆኑን እኔም ያወቅኩት በዚያ ሰሞን ነው። ታዲያ ከማንም አይወሰድም፤ ሰጪና ተቀባይ መመሳሰል አለባቸው። ከሁሉ በፊት የሚፈተሸውም የእናትና የአባት ልጅ ነው።

የጣሀ ሚስት ነዕማ ገበያ ድረስ መጣች። አጠገቧ ሆኜ በበርታኛ የተባባሉትን እየሰማሁ ነው።

«ብኸይታ፣ ወንድምሽ እየሞተ ነው።»

«የቱ ወንድሜ?»

«አላህን ፍሪ እንጂ!»

«እህት የለችኝም ያለው እሱ ነው። ታዲያ እኔ ወንድም ከየት ላምጣ? ባሚያ ትፈልጊያለሽ?»

ነዕማ ማልቀስ ጀመረች።

«እንባሽን ወዲያ! ባሚያው ላይ ካፈሰስሽው ይሻግትብኛል።»

እንዲህ ያለችው ሴት በማግስቱ ባሚያዋን ለይማም ትታ ደሟን ለምርመራ ሰጠች። ውጤቱ ሲመጣ ምንም የማይለያይ ሆኖ ተገኘ። «እህቴ አይደለችም ሲል ኖሮ፣» አለች፣ «መርፌ አጋለጠው።»

ወደ ህንድ አገር ተጓዙ። ዘመድ፣ መስጊዱና የገበያ ሰው እንዴት ተረባርቦ እንደላካቸው ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ልለፈው። መቅኒው ከመወሰዱ በፊት ወንድምና እህት አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ የተነጋገሩት ያኔ ነው፤ ነዕማ እንደነገረችኝ እነሆ፦

«ላንተ አይደለም የምሰጠው፣» አለችው ብኸይታ። «ለአላህ ነው። አንተ መንገድ ላይ ተገትረህ ስለተገኘህ ነው።»

«ስትሰጪም ትሳደቢያለሽ?»

«ስድቡ ምራቂ ነው።»

እሷን አደንዝዘው ከዳሌዋ አጥንት በመርፌ ቀዱ። ስትነቃ፣ «በቅሎ የረገጠኝ ይመስለኛል፤ እሱም ከዚያ አይሻልም» አለች አሉ። መቅኒዋ በጣሀ ደም ሥር ገባ፤ ያዘ፤ ደም ማምረት ጀመረ። ከወራት በኋላ ጣሀ ወፈር ብሎ፣ በእግሩ እየሄደ አሶሳ ኤርፖርት ወረደ። የደሙም ዓይነት ወደ እህቱ መቀየሩን ሐኪሞቹ ነግረውት ነበር። ይህን ብኸይታ ሰምታ ዝም ልትል ነው?

«ኑ እንጂ! ጣሀ አሁን የሴት ደም ነው የሚዞርበት!» ትላለች ለገበያተኛው ሁሉ። «ማንጎ የምትገዙ ሂዱ እሱ ጋ፤ የኔ ደም ስለሆነ ከእንግዲህ አያታልላችሁም!»

ገበያው ይስቃል። ጣሀ ይሰማል። ያራል።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የጣሀ መዳፍና የእግሩ ውስጥ ቀላ፤ ቀጥሎ ቆዳው እሳት እንደላሰው መላጥ ጀመረ። ሆዱ አልቆም አለ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የሰጡት መድኃኒት አላበረደለትም። የህንዶቹ ሐኪሞች በስልክ፣ ቶሎ ተመለስ፣ በጥናት ላይ ያለ ሌላ የሴል ሕክምና አለ አሉት።

ጣሀ ግን አልሄድም አለ። ለምን? የበሽታውን ምክንያት እሱ ራሱ ደርሶበታላ!

«ኒያዋ፣ ልቧ ያሰበው፣ አልጠራም፣» አለ። «በጥላቻ የተሰጠ ነገር ነው። ሴሎቿም እንደሷ ናቸው፤ ገብተው እየተጣሉኝ ነው። አውፍ ካለችኝ፣ ይቅር ካለችኝ፣ ይተዉኛል። ሌላ ሕክምና አያሻኝም።»

ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን አዳረሰ። ሥራ በሐሳብ ይመዘናል፤ ይህን የማያምን ሙስሊም የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ «እውነት ሳይሆን ይቀራል?» አለ። የብኸይታን ምላስ የምናውቅ ሰዎችማ፣ አንድ ማንኪያ የሷ መቅኒ በሬ ይጥላል እያልን ስንቀልድ የኖርን፣ አሁን ቀልዱ አፋችን ላይ ደረቀ።

ብኸይታ ገበያ መዋል ተወች። ከዚያ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳችና፣ «ሐኪም ቤት አብረኸኝ ና፤ የሚሉትን በደንብ ልስማ» አለችኝ። እዚህ ተመድባ የምትሠራዋ ዶክተር ቢታንያ፣ የጣሀን በሽታ ከህንዶቹ ጋር እየተደዋወለች የምትከታተለው እሷ ናት። ለብኸይታ በአማርኛ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው።

«ዶክተር፣ አንተ ውነት ንገረኝ። ጥላቻ በመርፌ ይገባል?»

ዶክተር ቢታንያ አልሳቀችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«አይገባም። ሴሎችሽ አንቺ ማንን እንደምትወጂ፣ ማንን እንደምትጠዪ አያውቁም። የሚያውቁት ያደጉበትን አካል ነው። አሁን በሌላ ሰው አካል ውስጥ ሲገኙ ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን ባዕድ ነው ብለው ያጠቁታል። በጣም ለምትወጂው ሰው ሰጥተሽ ቢሆንም ሊደርስ ይችል ነበር።»

«ያ ሌላው ሕክምናስ?»

«ሜሰንካይማል የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ከሌላ ጤነኛ ሰው መቅኒ ወስደው ላቦራቶሪ ውስጥ ያራቧቸዋል። እነዚህ ደም እንዲሠሩ አይደለም የሚሰጡት፤ የሚያጠቁትን ሴሎች የማብረድ ጠባይ ስላላቸው ነው። ከሱ ጋር መመሳሰልም አያስፈልጋቸውም። ግን አልዋሽሽም፤ ገና እየተጠና ነው። የረዳቸው አሉ፣ ያልረዳቸውም አሉ።»

«እኔ አውፍ ብለውስ? ይቅር ብለው?»

«ለሁለታችሁም ደግ ነው። አንጀቱን ግን አያድነውም። እዚህ ተኝቶ ከቆየ ይሞታል።»

ብኸይታ ተነሣች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሼህ ዐወድ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ሰዉን ጣሀ ግቢ ሰበሰቡ። ብኸይታም ተጠርታ መጣች። በሠርጓ ሰሞን ከተጣሉ ወዲህ ያን ደጃፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ነዕማን ይዛ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤

«አውፍ ካልኩት ሻንጣውን ያነሳል?»

«የት አንስቶ! አውፍ ካለችኝ ድኛለሁ፣ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብሏል። ትኬቱም ይመለስ አለ።»

ብኸይታ ራሷን ነቀነቀችና ገባች።

ጣሀ ማንጎው ሥር አልጋ ላይ ተኝቷል። ፊቱ ተልጦ ሌላ ሰው መስሏል። የተባባሉት በበርታኛ ነው፤ ቋንቋው ስለሚገባኝ እንዲህ አመጣሁት።

«ልጄ፣» አሉ ሼህ ዐወድ፣ «አንዲት ቃል ናት። አውፍ በይው፤ አንቺም ታርፊያለሽ፣ እሱም ያርፋል።»

ብኸይታ ወንድሟን ብዙ አየችው።

«አልልም።»

ግቢው ታመሰ። ሴቶቹ «ውይ!» አሉ። ጣሀ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«አያችሁ? አያችሁ አይደል! ደሜ ውስጥ ያለው ይሄ ነው!»

«አዎ ይሄ ነው። ሌላ ደም የለህም።»

«እንድሞት ትፈልጊያለሽ!»

«ብትሞት ማንን እሰድባለሁ?»

«ውጪ ከቤቴ!»

«ቤትህን መች ወደድኩት! ስማኝ ግን፣ ጣሀ። ከኔ አውፍ አታገኝም። ዛሬም የለም፣ በረመዳንም የለም፣ ስትገነዝም የለም። ተኝተህ ከጠበቅከኝ እዚሁ አልጋ ላይ ትበሰብሳለህ፤ እኔም ባሚያዬን እሸጣለሁ። እዚያ ግን አንድ የማያውቅህ ሰው ሴል ሰጥቷል። ገና ስላልሰደብከው አይጠላህም። ከሱና ከኔ ምረጥ።»

ጣሀ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ፤

«ነዕማ! ሻንጣዬን አምጪ! ይቺን ሴት ከምለምን የማላውቀው ህንዳዊ ይሻለኛል!»

ብኸይታ ዞራ ወጣች። ሼህ ዐወድ፣ «ልብሽ ድንጋይ ነው» አሏት። ከኋላዋ አንዲት ሴት ምራቋን ተፋች። እውነቱን ለመናገር እኔም በግኛለሁ፤ ልለፋትና ልሂድ ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ግን ከቦዩ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት።

«ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፣» አለችኝ። «ፊቱን ሳየው ልላት ነበር። ብላት ደስ ብሎት ይተኛ ነበር። ከዚያ ይሞት ነበር።»

ገባኝ። ወይኔ ሞኙ፣ ያኔ ነው የገባኝ!

«እና በልብሽ ይቅር ብለሽዋል ማለት ነው?»

«ማን አለህ? እጠላዋለሁ። በሕይወት እያለ ነው ግን የምጠላው።»

ጣሀ ሄደ። ሴሎቹን በደም ሥሩ፣ በተወሰነ ቀን ልዩነት፣ ደጋግመው ሰጡት። መጀመሪያ ሆዱ ቆመ፤ ቀጥሎ ዓይኑ ነጣ፤ ቆዳው በዝግታ ጠገገ። ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ መድኃኒት ይወስዳል፣ ዓይኑ እየደረቀ ጠብታ ይፈልጋል። ግን ይኸው አይሱዙው አናት ላይ ቆሞ ጫኞቹ ላይ ይጮሃል።

ከዚያ ምን ቢያወራ ጥሩ ነው? «እህቴ ልትገድለኝ ነበር፤ ያዳነኝ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ነው። አላህ ይስጠው» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። ያን ሰውዬ በየሶላቱ ዱዓ ያደርግለታል። ከብኸይታ ባሚያ መግዛት ያቆሙ ሰዎች አሉ። እኔ አላስችል ብሎኝ አንድ ቀን፣ «አሁንማ ንገሪው እንጂ፤ ለምን እንዳላልሽ ይወቀው» አልኳት።

«አብደሃል? ከነገርኩት መጥቶ እግሬ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በየዒዱ ቤቴ ሊመጣ ነው። ያን ድምፁን ማን ይችለዋል!»

«እንግዲያው እኔ ልጽፈው ነው።»

ባሚያዋን በላስቲክ እየቋጠረች ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ጻፈው። ስሜን ሲያይ ገጹን ይገለብጠዋል።»