የሶያማን ሬሳ ማን ያንሳ?

ተረፈች ከዕድር የወጣችው በገዛ አፏ ነው። ከባሏ ከሶያማ ጋር ከቡርጂ መጥተው ዓለም ገና ከተማ ጎጆ በቀለሱ በጥቂት ዓመት ውስጥ «የተለዩት» የሚባል ጸሎት ቤት ገቡ። እዚያ ክኒን መዋጥ ክህደት፣ ከማያምን ጋር ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ርኩሰት ነው። ተረፈችም የዕድሩን ዳኛ ኦቦ ደገፋን በሰው ፊት፣ «ከእናንተ ጋር አላለቅስም! እኛን የሚቀብሩን ቅዱሳን ናቸው» አለቻቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው አለፏት።

ከዚያ ረብሻው መጣ። ረብሻውን ያስነሳው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ በኋላም መንገዱ አልበረደም። ቅዱሳኑም ለሁለት ተሰነጠቁ። ሰባኪ እውነቱ፣ «ባቢሎንን የምናቃጥላት እኛ ነን፤ ዱላ ያልያዘ የእኛ አይደለም» አለ። ሰባኪ ኤልቃና ደግሞ፣ «የሚያቃጥላት እግዜር ብቻ ነው፤ ግርግሩ ሳያልፍ ከደጁ የወጣ ስሙ ይፋቃል» አለ። ትናንት ከአንድ ጽዋ የጠጡ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። ሁለቱም የሚጠቅሱት ደግሞ ያንኑ አንድ ምዕራፍ ነው!

ሶያማ ከሁለቱም አልወገነም። ልጆቹ መብላት አለባቸው። ነሐሴ ላይ ወደሚሠራበት ክር ፋብሪካ ሲሄድ ተባራሪ ጥይት አገኘው።

ተረፈች ሬሳውን ቤት አስተኝታ እውነቱ ዘንድ ሮጠች።

«እጁ ላይ ዱላ ነበረ?»

«ምሳ ዕቃ ነበረ።»

«እንግዲያ ሰማዕት አይደለም። ፈሪ አንቀብርም።»

ኤልቃና ዘንድ ሄደች።

«ከደጁ ወጥቶ ነበር?»

«ሥራ ሊገባ ነው እኮ፣ ወንድም ኤልቃና!»

«ወጥቷላ!»

ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይሄ? በሁሉ ነገር የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሬሳ ባለማንሳት ተስማሙ! ለሰማይ ቁልፍ የሚተናነቅ ሁሉ አካፋ ያዝ ሲሉት እጁ ያጥራል።

ስትመለስ ኦቦ ደገፋ ደጅ እግሯ አልሄድ አላት። ማንኳኳቱንም አፈረች። ሽማግሌው ግን ወሬው ደርሷቸው ቦቲ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

«ኦቦ ደገፋ፣ ያኔ ያልኩዎት ነገር…»

«ደንባችን የወጣን ሰው አይቀብርም» አሉ ቆጣ ብለው። ተረፈች ልትመለስ ዞረች። «በደንቡ በኋላ እንጣላለን፤ ሬሳ ግን አያድርም። ጀባዹ፣ በርቺ ልጄ።»

ጥሩምባው ተነፋ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጭቃውን እየረገጠ ወጣ። ሶያማ ተቀበረ።

በማግስቱ ሁለቱ ሰባኪዎች መጡ፤ ያን ያህል ሕዝብ እንደሸኘው ሰምተው። እውነቱ «ሰማዕታችን» ይላል፣ ኤልቃና «ንጹሑ በጋችን» ይላል። ዝናቡ ይወርዳል። ድንኳኑ የዕድር ነውና መግባት በሁለቱም ዘንድ ርኩሰት ነው፤ ደጁ ላይ በስብሰው ቆሙ።

«እህት ተረፈች፣ ውጪና እንጸልይልሽ» አለ ኤልቃና።

ተረፈች ከኦቦ ደገፋ ሚስት ከወይዘሮ ሸዋነሽ አጠገብ፣ ከአግዳሚው ንቅንቅ አላለችም።

«ከደጁ የወጣ ስሙ ይፋቃል አላልክም? እኔ አልወጣም። እናንተ ግቡ፣ ንፍሮ አለ።»

ሁለቱ ተያዩ። ወደ ድንኳኑ ቀድሞ እግሩን ያነሳ ግን አልነበረም።